አየሁት ማለት

በዚያ ማማ ላይ በየትኛውም መጽሐፍ ያልተጻፈ አንድ ደንብ አለ። አውሮፕላን እንዲያርፍ ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት፣ ወንበሩ ላይ ያለው ተቆጣጣሪ ራሱን ከስክሪኑ ቀና ያደርጋል፤ በመስታወቱ አሻግሮ መጪውን ይፈልጋል፤ ሲያገኘው ጮክ ብሎ «አየሁት» ይላል። በሆድ ማለት አይቆጠርም። ከጎን የተቀመጠው ረዳት መስማት አለበት፣ የድምፅ መቅጃውም መያዝ አለበት። አዲስ ሰው ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ የሚማረው የሬዲዮውን ቁልፍ ሳይሆን ይህችን ቃል ነው። የረሳት ሰው ለሳምንት መሳለቂያ ይሆናል።

ደንቡን ያመጣው ንስር የሚሉት አንጋፋ ተቆጣጣሪ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት አንድ የጭነት አውሮፕላን በቀኙ ማኮብኮቢያ እንዲያርፍ ተነግሮት፣ ሌላ አውሮፕላን ለመነሳት ወደ ተሰለፈበት ወደ ግራው ሲመጣ፣ እሱ በባዶ ዓይኑ አይቶ መልሶታል። ሁለቱ ማኮብኮቢያዎች ጎን ለጎን የተነጠፉ መንትዮች ናቸው፤ ከሩቅ ሲታዩ የወለደቻቸው እናት እንኳ አትለያቸውም። በማማው ስክሪን ላይም በመካከላቸው ያለው ርቀት ከጥፍር ውፍረት አይበልጥም። ስለዚህ ዓይን ያስፈልግ ነበር፤ ዓይን ያለው ደግሞ እሱ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ወላጆቹ ያወጡለትን ስም የሚያውቀው መታወቂያው ብቻ ሆነ።

እንግዲህ ነገሩን ሳንደብቅ እንናገር፤ ንስር ከሁለት ዓመት ወዲህ አያይም። ጨርሶ ታውሯል ማለት አይደለም። ቀኝ ዓይኑ ሞራ ለብሷል፣ ግራውም ወንድሙን እየተከተለ ነው። የሰው ፊት ይለያል፤ ስክሪኑን ፊደሉን አጉልቶ ያነበዋል፤ የማማውን ደረጃ እየቆጠረ ይወጣል፣ እየቆጠረ ይወርዳል። ከአየር ማረፊያው አጥር ወዲያ ያለው ዓለም ግን ውሃ የበዛበት ወተት ሆኖበታል።

ታዲያ «አየሁት» እንዴት ይላል ቢባል፣ በቁጥር ነው። ራዳሩ ላይ መጪው ሁለት ኪሎ ሜትር ሲቀረው ቀና ይላል፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ይቆጥራል፣ ቃሉን ይላል። አብራሪ ሁሉ በተባለው በኩል ስለሚመጣ አንድም ቀን አልተሳሳተም። በየዓመቱ የሚደረገውን የዓይን ምርመራም የሚያልፈው በዚሁ መንገድ ነው። ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የፊደል ሰሌዳ ሃያ ዓመት ሙሉ ስላልተቀየረ፣ እስከ መጨረሻው ረድፍ በቃሉ ይወጣዋል። ነርሷ አንድ ጊዜ «በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ዓይን አጋጥሞኝ አያውቅም» ብላዋለች። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር፤ እሱ አልሳቀም።

ሞራ በቀዶ ሕክምና እንደሚነሳ አይጠፋውም። ነገር ግን ዓይኑ የታመመ ተቆጣጣሪ ፈቃዱ ይታገዳል፤ በእሱ ዕድሜ ታግዶ ወደ ወንበሩ የተመለሰ ደግሞ እስካሁን አልታየም። የታገደው ምድር ቤት ወርዶ ፋይል ያገላብጣል። ንስር ቢላውን ይፈራ ነበር። ከቢላው ይበልጥ ምድር ቤቱን ይፈራ ነበር።

ነገሩ እንዲህ እንዳለ ነው አዲሱ መሣሪያ ለዘጠና ቀን ሙከራ የመጣው። መሣሪያ ይባል እንጂ፣ በራዳሩ ላይ የተጨመረ ፕሮግራምና አንዲት ትንሽ ድምፅ ማጉያ ነው። የተከለው መሐንዲስ እንዳስረዳው፣ መጪው አውሮፕላን ወዴት እንዳቀና በየሰከንዱ ይለካል፤ ከታዘዘለት ማኮብኮቢያ ጋር ያስተያያል፤ ካልገጠመ ስክሪኑ ላይ ቢጫ ሳጥን ያበራና በሴት ድምፅ «ማኮብኮቢያውን አረጋግጥ» ይላል። በመጀመሪያው ሳምንት ያልጮኸበት ነገር አልነበረም። ነፋስ ገፍቶት ጎኑን ሰጥቶ በሚመጣው ላይ ጮኸ፣ በፖሊስ ሄሊኮፕተር ላይ ጮኸ፣ ተቆጣጣሪው ራሱ በመጨረሻ ሰዓት ማኮብኮቢያ በቀየረለት አውሮፕላን ላይም ጮኸ።

«ይቺስ አማት ናት» አለች ቃሪያ። «ሁሉን ታያለች፣ ሁሉን ትናገራለች፣ ደግ ሠራችሁ ብላ አታውቅም።»

ቃሪያ የንስር ረዳት ናት፤ ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ የሚያቃጥል፣ ሥራውን ከእሱ እጅ የተማረች የሠላሳ ዓመት ሴት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሣሪያው አማቲቱ ተብላ ቀረች። የማማው አለቃ «ዘጠናው ቀን ይሙላ እንጂ ወደ መጣችበት ትሸኛለች» ይል ነበር። ድምፅ ማጉያዋ ውስጥ ስፖንጅ የጠቀጠቀው ንስር ነው፤ ያን ዕለት ሁሉም አጨበጨቡለት። ከሳምንት በኋላ ማንም ሳያየው ስፖንጁን ያወጣውም ንስር ነው።

በሰማንያ አንደኛው ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የግራው ማኮብኮቢያ ተዘግቶ ነበር። ሰባት ቀለም ቀቢዎች ከነመኪናቸው መሀሉ ላይ ሆነው የደበዘዘውን ነጭ መስመር ያድሳሉ። ጫፉ ላይ ትልቅ የመዝጊያ ምልክት ተነጥፏል፤ ፀሐይዋ ግን በአብራሪዎቹ ፊት በኩል ነበረች። መቶ ስልሳ ሰው የጫነ አውሮፕላን ይመጣል። አብራሪው በዚህ አየር ማረፊያ ለዓመታት ያረፈው በግራው ነው። «በቀኙ ታርፋለህ» ሲባል «በቀኙ አርፋለሁ» ብሎ ደግሟል። አፉ ቀኙን ይበል እንጂ እጁ የለመደውን ነው የያዘው።

ንስር ቀና አለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«አየሁት» አለ፤ የማረፊያ ፈቃዱንም ሰጠ።

ቃሪያ ከቀለም ቀቢዎቹ ፎርማን ጋር መቼ እንደሚጨርሱ በስልክ እየተነጋገረች ትጽፍ ነበር። ቃሉን ሰማች፣ ግን ቀና አላለችም። ንስር ካየ እሷ ምን ትጨምራለች?

አማቲቱ ከአሥራ አራት ሰከንድ በኋላ ተናገረች። «ማኮብኮቢያውን አረጋግጥ። ማኮብኮቢያውን አረጋግጥ።»

የመጀመሪያውን ሰከንድ ንስር በንዴት አሳለፈው። በሁለተኛው ወደ መስታወቱ ዞረ፤ ወተት ነው። በሦስተኛው፣ ይህ ጩኸት የነፋስ ይሁን የእውነት የሚለይበት ምንም ነገር በእጁ እንደሌለ ገባው። በአራተኛው የሬዲዮውን ቁልፍ ተጫነ።

«ማረፉን ተው! ከፍ በል፣ አሁኑኑ ከፍ በል!»

ቃሪያ ቀና ያለችው ያኔ ነው። አውሮፕላኑ ጎማውን ዘርግቶ በግራው ማኮብኮቢያ አናት ላይ ደርሷል። ሞተሩ አጓራ፣ አፍንጫው ተነሳ፣ ጥላው በቀለም መኪናው ላይ አለፈ። ሰባቱ ሰዎች በሆዳቸው ተደፍተዋል። አንድ ባልዲ ተገልብጦ ነጩ ቀለም መሆን በሌለበት ቦታ ፈሰሰ። ከዚያ ሌላ የደረሰ ጉዳት አልነበረም። አውሮፕላኑ ዞሮ ከሩብ ሰዓት በኋላ በቀኙ አረፈ፤ አብራሪው በቀጭን ድምፅ «ይቅርታ» አለ።

ማማው በጭብጨባ ተናጋ። አለቃው ከቢሮው እየሮጠ ወጥቶ ንስርን ግንባሩን ሳመው። «አላልኳችሁም? አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አላረጀም!» ይላል። ንስር ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ከሥራ ሲወጣ ፎርማኑ ማማው በር ላይ ጠበቀው። ቀለም የነካ እጁን በሱሪው ጠራረገና የንስርን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

«የሰባት ቤት ነፍስ ነው ያተረፉት፣ ጌታዬ። ይህን ዓይን አይንሳን።»

«አሜን» አለ ንስር። ሌላ ምን ይባላል?

በማግስቱ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሦስት ሰዎች መጡ። የመጡት ስለ አደጋው ብቻ አይደለም፤ አማቲቱ ትቀመጥ ወይስ ትመለስ የሚለውንም በዚያው ሊጨርሱ ነው። መሐንዲሱ ቅጂውን አሰማቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ቃሉ ከነሰዓቱ ተይዟል፤ መጀመሪያ የንስር «አየሁት»፣ አሥራ አራት ሰከንድ ቆይቶ የአማቲቱ ድምፅ።

«ይኸው!» አለ አለቃው። «የሰው ዓይን ማሽኑን በአሥራ አራት ሰከንድ ቀደመው። ይህን ሁሉ ቀን ስታደነቁረን ከርማ፣ በዋናው ቀን ዘግይታ መጣች። ምን ልትሠራልን እናስቀምጣታለን?»

መሐንዲሱ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። «ካዩት፣ አሥራ አራት ሰከንድ ለምን ጠበቁ?» ብሎ ንስርን ጠየቀው።

አለቃው ቀደመ፤ «አብራሪው ራሱ እንዲያስተካክል ዕድል ሰጥቶት ነዋ! የቆየ ተቆጣጣሪ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ሰው አያስደነብርም። አይደል?» አለና ወደ ንስር ዞረ። አለቃው ክፋት አልነበረውም። ወዳጁ ሲወድቅ እያየ ወንበር ማቅረቡ ነበር።

ንስር ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«አለቀ» አለ አለቃው። «ቃልህ ይተየብና ነገ ጠዋት ትፈርማለህ። አማቲቱም በሳምንቱ መጨረሻ መንገዷን ጨርቅ ያድርግላት።»

ኮሪደሩ ላይ ቃሪያን ቆማ አገኛት። ዓይኗ ቀልቷል፤ የወትሮው ምላሷ የት እንደገባ እንጃ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት?»

«ንገሪኝ።»

«ትናንት እኔ ቀና አላልኩም። እርስዎ አየሁት ካሉ እኔ አላይም። ማንም አያይም። ሌሊቱን ሙሉ ሲያብሰለስለኝ ያደረው እሱ ነው። ገብቼ ለኮሚቴው ልናገር?»

«ምን ብለሽ?»

«አላየሁም ብዬ።»

ንስር አፈረ። ራሱ ያስተማራት ልጅ፣ እሱ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአፉ ማውጣት ያቃተውን ቃል እንዲህ እንደ ዋዛ ስትናገረው፣ ፊቱ እስኪግል ድረስ አፈረ። ሊመልስላት አፉን ከፈተና «ወደ ቤትሽ ግቢ፣ ልጄ» አላት።

ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት። ቁልፍና ጠርዝ ግን በመኪና አትወድም፣ በእጇ ነው የምትሰፋው። ከልጅነቷ ጀምሮ የቅርብ ነገር ስለማይታያት፣ በሠላሳ ዓመት ትዳራቸው ክሩን በመርፌ የሚያስገባላት እሱ ነው። ሰፈርተኛው «ተባብረው አንድ ሙሉ ዓይን አላቸው» እያለ ይቀልድባቸዋል። ከሥራ ሲመለስ መርፌና ክር ታቀብለዋለች፤ ወደ መስኮቱ ይጠጋል፣ ጥቂት ይቆያል፣ «ገባ» ብሎ ይመልስላታል። እሷም «ተባረክ» ብላ ትቀበላለች።

ያን ቀንም ሰጠችው። ክሩን በምላሱ አራሰ፣ በጣቱ አሾለ፣ ወጋ፣ ሳተ። ደግሞ ወጋ። ውጭው ገና ብርሃን ነበር፤ በመስኮቱ ማሳበብ አይቻልም።

«አልገባም» አለ።

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

«አውቃለሁ» አለች ባለቤቱ። «ከአምና ጀምሮ አልገባም።»

ከሽርጧ ኪስ አንዲት ትንሽ ትራስ አወጣች። ክር የገባባቸው አሥር አሥራ ሁለት መርፌዎች ተሰክተውባታል፤ ከጎናቸው ጫፏ ላይ ቀጭን ሽቦ ያላት አንዲት ቆርቆሮ አለች፣ ዓይነ ደካማ ክር የሚያስገባባት ዓይነት።

«ጠዋት ጠዋት አንተ ስትወጣ በዚህች አስገባለሁ። አንተ የምትሰጠኝን ወደ ጎን አደርገውና ከእነዚህ አንዱን አነሳለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ ለምን አልነገርከኝም?»

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነገራት፤ ቁጥሩን፣ የክሊኒኩን ሰሌዳ፣ ትናንት የሆነውን፣ ዛሬ ራሱን የነቀነቀውን። ሰባቱን ሰዎች ሲነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እኔ እንዳታፍር ብዬ ዝም አልኩ» አለች በመጨረሻ። «የኔ ነገር ቢበላሽ አንድ ቁልፍ ነው የሚበጠሰው። አንተ የምትሠራው ቦታ ሌላ ነው። ዝም ማለት አልነበረብኝም።» እራት ቀረበ፤ ሁለቱም ብዙ አልበሉም።

ጠዋት አለቃው ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ገፋለት። ሦስቱ እንግዶችና መሐንዲሱ ተቀምጠዋል፤ ቃሪያ እንደ ምስክር ተጠርታ ከበሩ አጠገብ ቆማለች።

«አንብብና ከታች ፈርም» አለው አለቃው።

ፊደሉ ደቃቅ ነበር። ሳያነቡ መፈረም ይቻላል፤ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። ንስር ወረቀቱን ወደ አፍንጫው አስጠጋ፣ አራቀ፣ መልሶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«አንብቡልኝ» አለ።

«መነጽርህን ረሳህ?» አለቃው ሳቀ።

«መነጽር የለኝም። አይታየኝም። ይሄም አይታየኝም፣ ከአጥሩ ማዶ ያለውም አይታየኝም። ሁለት ዓመቴ ነው። ከትናንት ወዲያ አየሁት ያልኩት ቆጥሬ ነው። አውሮፕላኑን ያየችው አማቲቱ ናት። እሷ ባትናገር ኖሮ እኔ ምንም አላውቅም ነበር፤ ይቺ ልጅም ቀና ያላለችው እኔን አምና ነው።»

አለቃው ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። «ምን ነካህ? ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። ያንን የመሰለ ስም በገዛ እጅህ?»

«ስሙን ብዬ ነው» አለ ንስር።

ፈቃዱ በዚያው ሰዓት ታገደ። የፈራው ምድር ቤት አንድ መስኮት፣ ሁለት ጠረጴዛና ብዙ አቧራ ያለው ክፍል ሆኖ አገኘው። ማማው ላይ ካሉት አንዳንዶቹ ለሳምንታት ሰላም ነሱት፤ አንዱ ደረጃው ላይ «አንበሳ ሲያረጅ የዝንብ መጫወቻ ይሆናል» ሲል በጆሮው ሰማ። ይህን ቻለው። ያልቻለው የፎርማኑን ነገር ነው። ፎርማኑ ወሬውን ሰምቶ መጣ፣ በሩ ላይ ቆሞ ለረጅም ጊዜ አየውና ተመልሶ ሄደ። ንስር ከወንበሩ ተነስቶ ነበር፤ ቆሞ ቀረ።

አማቲቱ ተቀመጠች። መሐንዲሱ ነፋስን ከስሕተት እንድትለይ አስተካከላት፤ አሁን በሳምንት አንዴ ብትናገር ነው፣ ስትናገርም የማይደነግጥ የለም። ክሊኒኩ የፊደል ሰሌዳውን ቀየረ። ቃሪያ ፈተናዋን አልፋ በንስር ወንበር ላይ ተቀመጠች። በአራተኛው ወር ንስር የቀኝ ዓይኑን ሞራ ተገፈፈ። ሁለት ዓመት ሙሉ የፈራው ነገር ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም፤ ይህ ራሱ ለብዙ ቀን አናደደው።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት ፋይል ለማድረስ ወደ ማማው ወጣ። ጭጋግ ነበር። ራዳሩ ላይ አንድ አውሮፕላን ይመጣል። ቃሪያ ከስክሪኑ ቀና አለች፤ ፈለገች።

«አላየሁትም» አለች፣ ጮክ ብላ።

ንስር ደነገጠ። በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያቺን ቃል የተናገረ ሰው ሰምቶ አያውቅም። ከክፍሉ ውስጥ ግን ዞሮ ያያት የለም።

«እኔም አላየሁትም» አለ አዲሱ ረዳቷ፣ አንገቱን አስግጎ።

ፈቃድ አልተሰጠም። አማቲቱ ዝም ብላለች። ንስር ሳያስበው እሱም ወደ መስታወቱ አየ። ከጭጋጉ መሀል አንዲት ነጥብ ብርሃን ወጣች፤ ሁለት ሆነች፤ ቀኙን ይዛ ቀጥ ብላ ትመጣለች። አየ። ሳይቆጥር፣ በዓይኑ፣ ከሁሉም ቀድሞ አየ። አፉን ከፈተ፤ ወንበሩ የእሷ መሆኑ ትዝ አለውና ዘጋው።

«አየሁት፤ በቀኙ» አለች ቃሪያ።

«አየሁት፤ በቀኙ» አለ ረዳቷም።

ንስር በሆዱ አለው። በሆድ ማለት አይቆጠርም። ፋይሉን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀምጦ፣ ደረጃውን ሳይቆጥር ወረደ።